ቡና በሰኔ የሚቀላበት መንገድ

ወዳጄ፣ የዲዛይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው መመደብዎን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤው ዓርብ ወደ ማታ እንደ ደረሰዎት፣ የቀድሞው ኃላፊም ቁልፉን ሲያስረክቡ ፊታቸው እንደ በራ ተነግሮኛል። አይስጉ። እኔ በየግቢው ዝግጅት ሳዘጋጅ ጸጉሬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። የምነግርዎትን ብቻ ያድርጉ፤ በሰላም ይከርማሉ።

ዘንድሮ ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ የኦግመንትድ ሪያሊቲ ዝግጅት። ቃሉ አያስደንግጥዎት። ባጭሩ ኤአር ይሉታል። ስልክዎን ወደ አንድ ስፍራ ሲደግኑ እዚያ የሌለ ነገር በስክሪኑ ላይ ተደርቦ ይታይዎታል። በባዶ ጠረጴዛ ላይ ጀበና፣ በባዶ ግድግዳ ላይ መስኮት። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም ስልኩን ይዞ በየመንገዱ ፖኬሞን ሲያሳድድ የከረመው በዚሁ ነው። የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ ማሳየት እኛ በየሩብ ዓመቱ ስንሠራው የኖርነው ሥራ ነው። አሁን የተጨመረው ስልኩ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ይቁረጡ። ሰኔ ይሁን።

ሰኔን የሚያሙ አሉ። ይዘንባል ይሉዎታል። እውነት ነው፤ ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከማሻ እስከ ቦንጋ ያለው አገር ዝናብ የማይለየው ነው፤ ሰኔ ላይማ ሰማዩ መሬት ይነካል። ተማሪው ፈተና ላይ ነው ይሉዎታል። ይህም እውነት ነው። ቡናው ገና ጥሬ ነው፣ ፍሬው አረንጓዴ ነው፣ ለማን ምን ልናሳይ ነው ይሉዎታል። በትዕግሥት ያድምጧቸው። ከዚያም በጀት ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ይንገሯቸው። ጥቅምት ላይ ቡናው ቀይ ነው፣ ተማሪው ትኩስ ነው፣ ዝናቡም ለዘብ ይላል። ጥቅምት ላይ ግን ገንዘቡ አልተለቀቀም። ገንዘብ በሌለበት የቀላ ቡና ምን ያደርግልዎታል?

ደግሞም ኤአር የመጣው ለዚህ አይደል? አረንጓዴውን ፍሬ በስልክ ያቅሉት።

ሁለተኛ፣ ርዕስ ይምረጡ። ቡና ይሁን። መስኮትዎን ከፍተው ይመልከቱ። ያሉበት አገር አረቢካ ቡና በገዛ ደኑ ውስጥ፣ ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት አገር ነው። የካፋን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደግሞ በ2012 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። ወደ ታች ወረድ ቢሉ የበበቃ ቡና እርሻ አለ፤ ዳር ቆመው መጨረሻው አይታይዎትም። ብሔራዊው የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ነው። ይህን ሁሉ በፕሮፖዛሉ መግቢያ ላይ ያስፍሩት። ከመግቢያው አያሳልፉት። ከመግቢያው ካለፈ አንድ ሰው ተነስቶ «ታዲያ ለምን ሄደን አናየውም?» ይልዎታል፤ የመስክ ጉዞ ደግሞ ሌላ የበጀት ኮድ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴ ያቋቁሙ። አንድ ዐቢይ፣ ሦስት ንዑስ። የመስተንግዶ፣ የፕሮቶኮል፣ የሕትመት። ሶፍትዌሩን የሚሠራው አራተኛ ዓመት ተማሪ በየትኛው ንዑስ ኮሚቴ ይግባ ብለው አይጨነቁ። አይገባም። ለተማሪ አበል የሚከፈልበት መመሪያ የለም፤ አበል የሌለውን ሰው ስብሰባ መጥራት ደግሞ ነውር ነው። ልጁን በትሕትና ከበር ውጭ ያስጠብቁት። በሻይ ሰዓት ወጥተው «እስከ መቼ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁት። የመለሰልዎትን ግማሽ አድርገው ለኮሚቴው ያቅርቡ።

አሁን ወደ ዛፎቹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ኃላፊዎች ይሳሳታሉ። ከቢሮዎ ፊት ለፊት ሦስት የቡና ዛፎች አሉ። ማን እንደ ተከላቸው የሚያውቅ የለም፤ ዘበኛው በየዓመቱ ይለቅማቸዋል። ድንኳኑ የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ ያ ብቻ ነው። ዛፎቹ ይቆረጡ። አይዘኑ፤ ከመቆረጣቸው በፊት ጥሩ አድርገው ፎቶ ያስነሷቸው። ስልኩ የሚያውቀው ምልክት ያስፈልገዋልና ያ ፎቶ ባነር ላይ ይታተማል። እንግዳው ስልኩን ወደ ባነሩ ሲደግን ዛፉ ቆርጠው ከጣሉት ቦታ ላይ ብድግ ብሎ ይነሳል። ያውም ቀይ ፍሬ አንጠልጥሎ። ከእውነተኛው ዛፍ ጋር ሲያስተያዩት ምን ያህል የተሻለ እንደ ሆነ ይታይዎታል፤ ያኛው በሰኔ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ስለ ፍሬው ትንሽ ልበል። ልጁ ፈተና ላይ ስለሆነ ሞዴሉን ከባዶ ለመሥራት ጊዜ የለውም። ከኢንተርኔት ያወርዳል። አይቆጡት። ነጋዴውም አሠልጣኙም እሸት ቡናን ቼሪ ሲሉ ሰምቶ ስላደገ «ቼሪ» ብሎ ይፈልጋል፤ የሚመጣለትም የፈረንጁ ቼሪ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት ግቢ እንደ ሆነ ልተወው። ቡና፣ እንደሚያውቁት፣ ቅርንጫፉን ሙጥኝ ብሎ በየአንጓው ተጠቅጥቆ ነው የሚያፈራው። የዚያኛው ዛፍ ፍሬ ግን በረጅም ዘንግ ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ ጉትቻ ይወዛወዝ ነበር። ከዋና ከተማ የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ። ከሸኮ ወረዳ በአርአያነት የተጋበዙ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩትና «ይሄ የት አገር ነው የሚለቀመው?» አሉ። ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤ «አርሶ አደሮች ለቴክኖሎጂው ከፍተኛ ፍላጎት አሳይተዋል» ተብሎ ተመዘገበ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

በዚሁ ትምህርት ክፍል አንዲት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትገኛለች። ሁሌም አንዲት አትጠፋም። ሳምንቱን ሙሉ ከነዚያ ዛፎች ሥር ተቀምጣ አንዲት ቅርንጫፍ በእርሳስ ስትሥል የከረመች። ሥዕሉን ሲያዩት ትንሽ ይደነግጡ ይሆናል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፤ ጠርዛቸው ሞገድ ሞገድ ይላል፤ አንዱ ቅጠል ላይ ተባይ የበሳው ቀዳዳ ሳይቀር አለ፤ ጥሬው ፍሬ ጫፉ ላይ አበባው የረገፈበት ክብ ጠባሳ አለው። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የእጅ ሥራው ይኸው ነበር፤ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ያዩትን መሣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ልጅቷን ያመስግኗት። ነገር ግን እርሳስ ባትሪ የለውም፣ ዝማኔ የለውም፣ ፈጠራ ተብሎ ሪፖርት አይገባም። ሥዕሉን ኮሪደር ላይ ይለጥፉላት፤ ከአዳራሹ በር ግን ራቅ ያድርጉት። እንግዳ ሲያስተያይ መጥፎ ነው።

አራተኛ፣ ግዢ። ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስቡ። ታብሌት ሃያ ይጠይቁ፤ አምስት ይፈቀዳል፤ ሁለት ይገዛል፤ የሚመጣው ከሰኔ 30 በኋላ ነው። በሞዴል 19 ገቢ ያድርጓቸው። በሞዴል 22 ወጪ ለማድረግ አይቸኩሉ፤ ተማሪ እጅ የገባ ዕቃ ይሰበራል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ያለ ዕቃ ግን ከነካርቶኑ ይኖራል። ኦዲተር ካርቶን ይወዳል።

እስከዚያው በስልክ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን ጉዳይ አለ። ኤአር በማንኛውም ስልክ አይሄድም፤ ጉግል የፈቀደላቸው የስልክ ዓይነቶች ዝርዝር አለ፤ ተማሪው እጅ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በግቢው ውስጥ ያ ሶፍትዌር የሚከፈትለት ስልክ ያላቸው ዲኑ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሥራው በሙሉ በዲኑ ስልክ ላይ ይጫን። ተማሪው ፕሮጀክቱን መሞከር ሲፈልግ ከዲኑ ጸሐፊ ቀጠሮ ይያዝ። ይህ ለዲሲፕሊኑም ይጠቅመዋል።

አምስተኛ፣ የመክፈቻ ንግግር ይጻፉ። ጌሻን ያስገቡ፤ ጌሻ ያላነሳ ንግግር በዚህ አገር ንግግር አይባልም። እንዲህ ይበሉ፦ ከዚሁ ከሚዛን ብዙም ከማይርቀው የጌሻ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘር ተለቅሞ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ። በ2004 ከፓናማ አንድ እርሻ ይኸው ቡና በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜው ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ ጌሻ ማለት በዓለም ላይ የውድ ቡና ስም ነው። ይህን ሲሉ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። እጅዎን ወደ ደኑ አቅጣጫ ይዘርጉ። ጭብጨባው እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ ውሃ ይጎንጩና ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር ይለፉ። ምናልባት ከኋላ «የኛ ሰው ከዚያ ውስጥ ስንት ያገኛል?» የሚል ከተነሳ ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ይመስክሩ። ሰዓት እንደ ሄደ ይንገሩት።

የታሪክ ስላይድ ከፈለጉ አንድ ይበቃል። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ከክብደቱ የተነሳ ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠል እንደ ነበር ቢያወሩ ሰው ይስቃል፤ ጥሩ ነው። ስለ ቦይንግ ግን አያንሱ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚለው ስም የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ነው፤ የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጋው ሠራተኛ የትኛው ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ዓይኑ ፊት እንዲታየው ታስቦ። አንዴ ይህን ከተናገሩ፣ ልበ ቀና የሆነ ሰው ተነስቶ የኛው ለየትኛው ሠራተኛ ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እሸት ለቃሚዋን ሊያነሳ ይችላል፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንዲወጣ አምስት ስድስት ኪሎ እሸት የምትለቅመውን። በማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል የሚያገላብጠውን፣ መድረቁን በጥርሱ ነክሶ የሚያውቀውን ሰው ሊያነሳ ይችላል። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ይረዝማል፤ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ መስተንግዶ ነው። ቡና አይፈላ። ይህን ስል ይገርምዎት ይሆናል፣ ግን ያመዛዝኑት። የሚቆላው ቡናና ዕጣኑ ድንኳኑን በጭስ ይሞሉታል፤ ካሜራው ባነሩን መለየት ይሳነዋል፤ ቡናው ከስክሪኑ ይጠፋል። ለስላሳና ኩኪስ ያቅርቡ። ከተቻለ የሻይ ከረጢት። በር ላይ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ቡና የምታፈላውን፣ ለለመደ ሰው ደግሞ የቡና ቅጠል በቅመም የምታፈላውን ሴት ለአንድ ቀን ዞር እንድትል ይለምኗት። ዳሷ ከድንኳኑ ጋር አብሮ ፎቶ ከገባ ስለ ዘመናዊነታችን የተሳሳተ ግንዛቤ ይፈጥራል። የት ሄዳ እንደ ተቀመጠች ግን ለሾፌሮቹ ይንገሯቸው። ሾፌሮች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው የመጡ ናቸው፤ ኩኪስ አያቆማቸውም።

ቀኑ ደረሰ። ከሌሊቱ ጀምሮ ዘንቧል። ባነሩ ረጥቦ ተቆልምሟል። መብራት ሄዷል፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ አለው፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ግን ለሠርግ አማን ወርዷል። ይረጋጉ። ይህ ሁሉ በዕቅዱ ላይ «ስጋቶች» በሚለው ሥር የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ዕቅዱ በትክክል እየሄደ ነው ማለት ነው።

የክብር እንግዳው ሪባኑን ይቁረጡ። ከዚያ የዲኑን ስልክ ያስይዟቸው። በሁለት እጃቸው ይያዙት፤ በአንድ እጅ ከሆነ ፎቶው ላይ ስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። ወደ ባነሩ ይደግኑ። ፎቶ አንሺው ከባነሩ በኩል ይቁም። አስተውለው ከሆነ በዚህ አቋቋም እንግዳው ያዩትን ከእንግዳው በቀር ማንም አያየውም። ይህ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጸጋው ነው። ስሟን ልተወው ባልኳት በዚያች ግቢ የዲኑ ስልክ ባትሪው ከሪባኑ በፊት አልቆ ነበር። ልጁ ላቡ በግንባሩ ቁልቁል ሲወርድ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እንግዳው ጥቁሩን ስክሪን ጥቂት ደቂቃ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፦ «እጅግ በጣም የሚያበረታታ ነው» አሉ። ስልኩን ለሚቀጥለው እንግዳ አቀበሉት፤ እርሳቸውም አዩ፤ እርሳቸውም ተበረታቱ። አንድ በአንድ ሃያ ስምንት ሰው ቆጠርኩ። ያን ያህል የተሳካ ዝግጅት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ልጁን በዚያ ሰዓት ወደ መድረክ አይጥሩት። ይረበሻል። ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፤ ስሙ በአንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ከተመረቀ በኋላ ያርሙለታል።

አሁን ሪፖርቱ ይቀራል፤ ቀላሉ እርሱ ነው። ስልሳ ሰው መጥቷል እንበል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አለው፤ በአማካይ አምስት ቢይዙት ሦስት መቶ ተጠቃሚ ይሆናል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ አንዱ ያወራ ይሆናል። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚለው ዓምድ ይሙሉት። ያንኑ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» በሚለውም ዓምድ ይሙሉት። የሦስቱን ዛፎች ነገር «ምቹ የሥራ አካባቢ ከመፍጠር አንጻር» ከሚለው ሥር ያስገቡት። ፎቶው ሽፋን ላይ ይውጣ፤ ስልክ የያዙት እንግዳ፣ ከኋላቸው ዝናብ። ለሚመጣው ዓመት ዕቅድ ደግሞ የጠፉ አገር በቀል ዛፎችን በኤአር መልሶ የማሳየት ፕሮጀክት ያስገቡ። ሦስት ከወዲሁ አሉዎት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ባነሩን አይጣሉት። ለዘበኛው ይስጡት። ግቢ ውስጥ የሚለቅመው ዛፍ ባይኖረውም ከቤቱ ጓሮ ጥቂት አለችው። ጥቅምት ላይ ለቅሞ አልጋ ላይ ሲያሰጣት፣ ዝናቡ ድንገት ሲመጣ ሮጦ ያለብስበታል። ሦስት በአራት ሜትር ነው፤ ሰፊ ነው። ፕላስቲኩም ጥሩ ነው፤ ውሃ አያስገባም።